«ዳንስ» ለሚለው ቃል አቻው ምንድን ነው? ጭፈራ፣ ዘፈን ወይስ ውዝዋዜ?

ተርጓሚው

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስሁት ባለ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ርእሱ «ዳንስ» የሚል አንዲት ቃል ብቻ የሆነ ምዕራፍ ገጥሞኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላራምድ ብሎኛል። ጸሐፊው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ገጾች ይህንኑ ቃል ለሦስት ነገሮች ይጠቀምበታል፤ ነጭ ቀሚስ ለብሰው በግራ እግራቸው ላይ እንደ እንዝርት ለሚሾሩት የመውለዊ ደርቪሾች (የእስልምና ሱፊ ማኅበር አባላት)፣ በአዳራሽ ውስጥ ተያይዘው ለሚዞሩ ጥንዶች፣ እንዲሁም አበባ ያለበትን አቅጣጫ ለባልንጀሮቿ ለምትጠቁም ንብ። በእንግሊዝኛው ሦስቱም በአንድ ስም ስለሚጠሩ ጸሐፊው «እነዚህን ምን ያገናኛቸዋል?» ብሎ ለመጠየቅ አይቸገርም። እኔ ግን ሦስቱን በአንድ የአማርኛ ቃል ለመጥራት ስሞክር ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይስቅብኛል። «ደርቪሾቹ ጨፈሩ» ብዬ ጻፍሁና ሰረዝሁት። «ንቧ ትደንሳለች» ብዬ ጻፍሁና ይህንንም ሰረዝሁት። «ጥንዶቹ ተወዛወዙ» የሚለውን ደግሞ ሳልጨርሰው ተውሁት።

አርታኢዬ «መዝገበ ቃላት ግለጥና የሚሰጥህን ውሰድ» አሉኝ። መግለጡንስ ገለጥሁ፤ የሰጠኝ ግን ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ውዝዋዜ፣ እስክስታ የሚሉ ቃላትን በነጠላ ሰረዝ አሰልፎ ነው፤ እርስ በርስ የሚተካኩ ይመስል። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ችግሩ የአማርኛ ብቻ ነው ወይስ ሌሎች ቋንቋዎችም ለዚህ ቃል አንድ ሙሉ አቻ የላቸውም?

ሥርወ ቃል

ሰላም ለእርስዎ። ነገሩን ከራሱ ከእንግሊዝኛው ቃል ብንጀምረው የሚቀል ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቃሉ በእንግሊዝኛም ቤት እንግዳ ነው። እንግሊዝኛ «ዳንስ»ን ያገኘው «ዳንሲዬ» ከሚለው የጥንት ፈረንሳይኛ ግሥ ሲሆን፣ በጽሑፍ መታየት የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1300 አካባቢ ነው። ፈረንሳይኛው ራሱ ከየት እንደ መጣ ሊቃውንት ሲከራከሩበት ይኖራሉ። ከፈረንሳይ የተነሣው ቃል ግን ብዙ አገር አዳርሷል። ጀርመንኛ «ታንዝ» አለው፤ ከጀርመንኛ ሀንጋሪኛ «ታንጽ» ብሎ ወሰደው፤ ፊንላንድኛ ከስዊድንኛ ተቀብሎ «ታንሲ» አለው፤ ሩስያኛ «ታኔጽ»፣ ጃፓንኛ «ዳንሱ»፣ ስዋሂሊ «ዳንሲ»፣ ቱርክኛ «ዳንስ»፣ አማርኛም «ዳንስ» አሉት። አማርኛማ ከዚህም አልፎ ተነባቢዎቹን እንደ አገር ቤት ሥር ቆጥሮ «ደነሰ፣ ይደንሳል፣ ደናሽ፣ አስደነሰ» እያለ አርብቶታል።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን ቃሉ በገባበት አገር ሁሉ የጠቅላላው ነገር ስም ሆኖ አለመግባቱ ነው። ሩስያኛ ከቀድሞ ጀምሮ «ፕልያስካ» የሚል የራሱ ቃል ነበረው፤ «ታኔጽ» ሲመጣ በትምህርትና በሥርዓት የሚረገጠውን ወሰደ፣ «ፕልያስካ» ደግሞ ልብ እንዳዘዘ ለሚረገጠው ለሕዝቡ ቀረ። በቱርክኛ የሕዝብ የሆነው ሁሉ «ኦዩን» ይባላል፤ «ዳንስ» የሚባለው ከውጭ የመጣው ነው። በጃፓንኛና በስዋሂሊም የተደረገው ይኸው ነው። ስለዚህ በአማርኛ «ደርቪሾቹ ደነሱ» የሚለው ለጆሮ የሚጎረብጠው በእርስዎ ድክመት አይደለም። ቃሉ ወደ እኛ ሲገባ አዳራሹንና ጥንዶቹን ይዞ ገብቷል፤ ከሦስቱ ምሳሌዎችዎ አንዱን ብቻ በቅጡ ይሸፍናል።

ጀማሪ አንባቢ

ይቅርታ ይደረግልኝና አንድ የዋህ ጥያቄ ልጠይቅ። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ1300 ከሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበሩት እንግሊዞች ነገሩን ምን ይሉት ነበር?

ሥርወ ቃል

ጥያቄዎ የዋህ አይደለም፤ እንዲያውም አንድ ቁጥር ይዘን ብንከተለው ብዙ ያሳየናል። ማርቆስ 6፥22ን ይውሰዱ፤ የሄሮድያዳ ልጅ በንጉሡ ግብዣ መካከል ገብታ ንጉሡን ያስደሰተችበት ቦታ ነው። ግሪኩ «ኦርኬኦማይ» በሚለው ግሥ ይናገራል፤ በግልጽ በእግርና በገላ የሚደረግን ነገር የሚያመለክት ግሥ ነው። ላቲኑ «ሳልታሬ» አለ፤ ይህም «ዘለለ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስን ለጎጦች፣ ለጥንት የጀርመን ነገዶች፣ የተረጎመው ዉልፊላ በራሱ ቋንቋ የሚስማማ ቃል አጥቶ እንደ ሆነ አናውቅም፤ የጻፈው ግን «ፕሊንስያን» የሚል ከስላቮች የተወሰደ ቃል ነው፤ ከላይ የጠቀስሁት የ«ፕልያስካ» ዘመድ። የጥንት እንግሊዝኛው ወንጌል ደግሞ «ቱምቦደ» ይላል፤ የዛሬው እንግሊዝኛ «ተገለባበጠ» ለማለት የሚጠቀምበት ግሥ አባት ነው።

ቃሉ ሥዕሉንም ሳይመራው አልቀረም። በፈረንሳይ በሩዋን ካቴድራል አንደኛው በር ላይ በ13ኛው መቶ ዘመን የተቀረጸችው ይህችው ልጅ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ በሁለት እጇ ቆማለች። ግሪኩን ብቻ ላነበበ ሰው እንግዳ ነገር ነው፤ «ቱምቦደ» የሚለውን ለሰማ ሰው ግን ቅርጹ ቃሉን እንዳለ ይተረጉመዋል።

አሮጌ መዝገብ

ልጆቼ፣ ይህን ቁጥር ካነሣችሁ አይቀር በእኛ ቋንቋ ምን እንደሚል ለምን ዘለላችሁት? በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ልጅቷ «ዘፈነች» ነው የሚለው። የዛሬ አንባቢ ይህን ሲያይ አፏን ከፍታ ዜማ ስታወጣ ይታየዋል። በግእዝ ግን «ዘፈነ» የእግር ሥራ ነው። ጀርመናዊው የግእዝ ሊቅ ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው የግእዝና የላቲን መዝገበ ቃላት ለ«ዘፈነ» የሰጠው ፍቺ «ሳልታሬ» ነው፤ ሥርወ ቃል አሁን የጠቀሱት የላቲን ግሥ ማለት ነው። የአማርኛው ተርጓሚዎች ይህን ነባር ስሜት ይዘው ነው የሠሩት፤ ዳዊት በታቦቱ ፊት ያደረገውንም በዚሁ ቃል ጠርተውታል። መክብብ 3፥4ም «ዋይ ለማለት ጊዜ አለው፥ ለመዝፈንም ጊዜ አለው» ይላል፤ በዕብራይስጡ ያለው ግን መዝለልና መርገጥ ነው።

እንግዲህ ቃሉ በእኛው አፍ ላይ ከእግር ተነሥቶ ወደ ጉሮሮ ወጣ ማለት ነው። ተርጓሚው ልጄ፣ መዝገበ ቃላትህ «ዘፈን»ን ከእነ «ጭፈራ» ጋር ያሰለፈው ስለ ተሳሳተ ሳይሆን የቆየውን ስሜት ስለ መዘገበ ነው። ለዛሬ አንባቢ ግን አያገለግልህም።

ጀማሪ አንባቢ

ጋሼ አሮጌ መዝገብ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ እስከ ዛሬ ያቺ ልጅ ድምፀ መረዋ ዘፋኝ ነበረች ብዬ ነበር የማስበው። አንገት ያስቆረጠው ዜማ ምን ዓይነት ዜማ ነው እያልሁም እደነቅ ነበር።

ሰሌዳ

ጋሼ ባነሡት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም «ከእግር ወደ ጉሮሮ» ያሉት ጉዞ የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ቃላቱ ደጋግመው የሄዱበት የተለመደ መንገድ ይመስላል።

«ኳየር» የምንለውን ቃል ውሰዱ። ሥሩ «ኮሮስ» የሚለው የግሪክ ቃል ነው። ኮሮስ መጀመሪያ ጭፈራው፣ ጨፋሪው ጓድና የሚጨፈርበት ቦታ ነበር። በግሪክ ቴአትር ጓዱ እየጨፈረ ይዘምርም ስለ ነበር፣ ቃሉ ወደ ላቲንና ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ጭፈራው ረግፎ መዝሙሩ ብቻ ቀረ፤ ዛሬ «ኳየር» ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚዘምር ነው። የጥንት ፈረንሳይኛው «ካሮል» ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው እየዘመሩ የሚዞሩት ጭፈራ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ዛሬ የልደት መዝሙር ነው። «ባላድ» ከፕሮቫንስ ቋንቋ ሲነሣ የጭፈራ ዘፈን ነበር፤ «ባሌት»ና «ባላድ» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የመጡት «ባላሬ» ከሚለው የኋለኛው ዘመን ላቲን ነው። ባሌት በእግር ቀረ፣ ባላድ በአፍ። «ኦርኬስትራ»ም እንዲሁ ነው። ሥርወ ቃል ከጠቀሱት «ኦርኬኦማይ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሆኖ መጀመሪያ በቴአትሩ መድረክና በተመልካቹ መካከል ያለው፣ ኮሮሱ የሚጨፍርበት ክብ ሜዳ ነበር። በኋላ ሙዚቀኞች የሚቀመጡበት ቦታ ሆነ፤ ቀጥሎም ሙዚቀኞቹ ራሳቸው በስሙ ተጠሩ። ስለዚህ «ኦርኬስትራው ተቀምጦ ተጫወተ» ስንል፣ ከቃሉ ዕድሜ አንጻር፣ «የጭፈራ ሜዳው ተቀምጦ ተጫወተ» እያልን ነው።

ኳየር፣ ካሮል፣ ባላድ፣ ዘፈን፤ አራቱም በየራሳቸው መንገድ ከእግር ወደ አፍ ሄደዋል። እኔ የምገምተው ምክንያት ቀላል ነው፤ ሰው ሲጨፍር ይዘምር ስለ ነበር ቃሉ ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ኖረ፤ ቃሉ ከዘመን ወደ ዘመን፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ግን በቀላሉ የሚሸከመው ግጥሙን ነው። ግጥም በወረቀት ይጻፋል፣ እግር አይጻፍም።

ሥርወ ቃል

ሰሌዳ፣ «እግር አይጻፍም» በሚለው ላይ ብቻ ትንሽ እንለያያለን። ፈረንሳዊው ፈዬ እ.ኤ.አ. በ1700 «ኮሬግራፊ» ብሎ መጽሐፍ ያሳተመው እግር የሚራመድበትን መንገድ በምልክት ለመጻፍ ነበር። ቃሉ ከ«ኮሮስ»ና «ጻፈ» ከሚለው ግሥ የተሠራ ስለሆነ ትርጉሙ ያን ጊዜ ቃል በቃል «ጭፈራን መጻፍ» ነበር። ዛሬ ኮሬዮግራፈር የምንለው ብዙውን ጊዜ ምንም አይጽፍም፤ እንቅስቃሴውን ይፈጥራል፣ ያስተምራል። ያም ቃል ሥራውን ለወጠ ማለት ነው። ስለ ቀረው እስማማለሁ።

ሦስት ፊደል

የሴም ቋንቋዎችን ወገን እኔ ልያዝ። በዕብራይስጥ «ረቀድ» የሚለው ግሥ መጨፈርንም መዝለልንም ይይዛል፤ ሰው ይረቅዳል፣ በመዝሙር 114 ተራሮችም እንደ አውራ በጎች ይረቅዳሉ። ጋሼ የጠቀሱት የመክብብ ቁጥር በዕብራይስጡ «ዔት ሰፎድ ወዔት ረቆድ» ነው፤ ለቅሶውና ጭፈራው በድምፅ ሆን ተብለው ተጣምረዋል። በሶርያ ቋንቋ ግን ጥምረቱ ከዚህም ያልፋል። ልጆች በገበያ ተቀምጠው «ነፋንላችሁ አልጨፈራችሁም፤ አለቀስንላችሁ ዋይ አላላችሁም» የሚሉበት የማቴዎስ 11፥17 ንባብ በፔሺታው፣ በሶርያው መጽሐፍ ቅዱስ፣ «ራቄድቶን» እና «አርቄድቶን» በሚሉ ሁለት ግሦች ተጽፏል። ሁለቱም የአንዱ የረ-ቀ-ደ ልጆች ናቸው፤ በአንደኛው ርባታ «ጨፈረ»፣ በሌላኛው ርባታ «ሙሾ አወረደ፣ ደረቱን መታ»። ገላው በደስታም በሐዘንም የሚመታው አንድ ምት መሆኑን ሰዋስው በራሱ ይናገራል። ይህን ውበት ወደ አማርኛ ለማምጣት ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም።

ነገር ግን ፊደል መመሳሰሉ ያታልላል፤ በዐረብኛ «ረቀደ» ማለት «ተኛ» ነው። ዐረብኛ ለጭፈራ «ረቀጸ» የሚል ግሥ አለው፤ ይህም በ«ጸ» የሚያልቅ ሌላ ቃል ነው። ፊደል ለፊደል እያገጣጠምን «ይህ ከዚያ መጣ» ለማለት እንዳንቸኩል ብዬ ነው።

ስለ ደርቪሾቹ ደግሞ ለተርጓሚው ደስ የሚል ነገር አለኝ። እነርሱ ራሳቸው የሚያደርጉትን «ረቅስ»፣ ማለትም ጭፈራ፣ ብለው አይጠሩትም፤ «ሰማዕ» ይሉታል፤ ቱርኮች «ሴማ» ብለው ያነቡታል። ቃሉ ከዐረብኛ «ሰሚዐ» የመጣ ነው፤ የእኛው «ሰማ» ነው፤ ትርጉሙም መስማት። ሥርዓቱ በሚሾረው ቀሚስ ሳይሆን በጆሮ ተሰይሟል፤ ገላው የሚዞረው የሰማውን ስለ ሰማ ነው። የእንግሊዝኛው ጸሐፊ «ዳንስ» ብሎ ሲጽፍ ተመልካቹ ያየውን ጻፈ፤ ባለቤቶቹ ግን የሚሰሙትን ይናገራሉ። ስለዚህ «ጨፈሩ»ም «ደነሱ»ም ይቅርብዎ፤ «ሰማዕ» ብለው ይጻፉት፤ ከየትኛውም አንባቢ ይልቅ የአማርኛ አንባቢ ሥሩን ያውቀዋል።

ተርጓሚው

ሦስት ፊደል፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ከሦስቱ አንዱ ተፈታ። የቆየ ሕመም ድንገት እንደ ተወው ሰው ሆኛለሁ።

እርምጃ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ እንቅስቃሴ አስተምራለሁ። በጽሑፋችሁ ላይ የጎደለ የመሰለኝ ገላው ራሱ ነው፤ ስለዚህ አንድ ልዩነት በእግር ላሳያችሁ።

ጃፓንኛ ከ«ዳንሱ» በፊት ሁለት ቃላት ነበሩት፤ «ማይ» እና «ኦዶሪ»። ልዩነቱን ተማሪዎቼ እንዲረዱት ጫማቸውን አስወልቄ ነው የማሳያቸው። ለማይ ጉልበትህን ጥቂት ታጥፋለህ፣ ወገብህን ዝቅ አድርገህ ታጸናለህ፣ ተረከዝህን ከወለሉ ሳታነሣ እግርህን እያንሸራተትህ ቀስ ብለህ ትዞራለህ፤ ራስህ በአንድ ከፍታ ላይ መቅረት አለበት፤ ጭንቅላትህ ላይ ውኃ የሞላ ሳሕን ቢቀመጥ እንዳይፈስ ማለት ነው። ቃሉም «መዞር» ከሚለው ጋር ይዛመዳል። ለኦዶሪ ግን እግርህ ከመሬት መነሣት አለበት፤ ትዘላለህ፣ ትረግጣለህ፣ ምቱ ከታች ወደ ላይ ይመጣል። አንዱ መሬትን አይለቅም፣ ሌላው መሬትን ይመታል። ለጃፓናዊ ጆሮ እነዚህ ሁለት ነገሮች ነበሩ። የአንድ ነገር ሁለት ዓይነት ተደርገው የታዩት በኋላ ነው፤ በሜጂ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1912 ባለው ጊዜ፣ ከምዕራብ የመጣውን ጠቅላላ ሐሳብ የሚይዝ ቃል ሲያስፈልግ የሁለቱ ቃላት መጻፊያ ምልክቶች ተጣምረው «ቡዮ» ተባለ። ጠቅላላው ስም የተሠራው ከውጭ ለመጣ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

የሕንድ ሊቃውንትም በሳንስክሪት እንዲህ ይከፍላሉ፤ ምንም ታሪክ የማይናገር፣ ምትና ቅርጽ ብቻ የሆነው «ንሪታ» ነው፤ በፊትና በእጅ ስሜት የሚገለጥበት «ንሪትያ» ነው፤ ቴአትሩ ደግሞ «ናትያ»። ሦስቱም ከአንድ አካባቢ የበቀሉ ቃላት ናቸው። እኔ በሥራዬ ልዩነቱን በየቀኑ አየዋለሁ፤ አንዲት ተማሪ እግሯ ፍጹም ሆኖ ፊቷ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ በአማርኛ ግን ይህን የምነግርበት አንድ ቃል የለኝም፤ «እግርሽ ደርሷል፣ ፊትሽ ገና ነው» እላታለሁ።

ሰሌዳ

እህቴ እርምጃ ስለ ሳንስክሪት ስታነሣ ትዝ አለኝ። በ13ኛው መቶ ዘመን የነበረው የሕንድ የሙዚቃ ሊቅ ሻርንጋዴቫ «ሳንጊታ» ማለት ዜማ፣ መሣሪያና ጭፈራ ሦስቱ በአንድነት ናቸው ብሎ ጽፏል። ዛሬ በሂንዲ «ሳንጊት» ማለት ሙዚቃ ነው። እዚያም ጭፈራው ረገፈ፤ በዝርዝሬ ላይ አምስተኛ አድርጌ ጨምሬዋለሁ።

ንጎማ

የአፍሪካ ቋንቋዎች እስካሁን በአንድ ቃል ብቻ ስለ ተጠቀሱ ልግባ። በስዋሂሊ «ንጎማ» ከበሮው ነው፤ ከበሮው የሚመታበት ጭፈራም ነው፤ ሰው የሚሰበሰብበት ዝግጅትም ነው። «ንጎማ አለ» ሲባል ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የሚለየው አውድ ነው። በኢግቦ «ኤግዉ» ሙዚቃውንም ጭፈራውንም ጨዋታውንም ይይዛል። በኦሮምኛ «ሲርባ» ዘፈንም ጭፈራም ነው። በሶማልኛ «ዒያር» መጫወትም መጨፈርም ነው፤ የስዋሂሊው «ኩቼዛ»ም እንዲሁ። ሥርወ ቃል የጠቀሱት የቱርክኛው «ኦዩን»ም በመሠረቱ «ጨዋታ» ማለት ነው። ስለዚህ በብዙ ቦታ ጥያቄው «ዘፈን ነው ወይስ ጭፈራ?» አይደለም፤ «ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?» ነው። አማርኛም ከዚህ አይርቅም፤ ክራር የሚመታውንም፣ የሚዘፍነውንም፣ ወግ የሚያወራውንም «ተጫወተ» እንላለን።

ስለዚህ አፍሪካውያን ጭፈራን ከሙዚቃ አይለዩም የሚባለው እውነት ነው እላለሁ።

ሥርወ ቃል

ንጎማ፣ ምሳሌዎችዎ ጥሩዎች ናቸው፤ መደምደሚያው ግን ከምሳሌዎቹ ይሰፋል። ዮሩባ «ኢጆ» ጭፈራ፣ «ኦሪን» ዘፈን ብሎ በግልጽ ይለያል። ትግርኛም «ሳዕስዒት» ጭፈራ፣ «ደርፊ» ዘፈን ይላል። ከአንድ አህጉር ጥቂት ቃላት ወስዶ ስለ አህጉሩ ሁሉ መናገር፣ የግሪክ «ሙዚኬ» ጭፈራን ይጨምር ስለ ነበር «አውሮፓውያን አይለዩም» እንደ ማለት ነው።

ንጎማ

ተቀብያለሁ። «ብዙዎቹ» ማለት ነበረብኝ። «ኩቼዛ»ን ግን አልለቅም፤ «መጨፈር» በ«መጫወት» ውስጥ የሚያድርባቸው ቋንቋዎች በተለያዩ አህጉሮች ላይ መኖራቸው እንዲሁ አጋጣሚ አይመስለኝም።

አሮጌ መዝገብ

ጨዋታ ብቻ ነው ብለን እንዳንደመድም ደግሞ ከወዲያ ማዶ ያለውን እንይ። በ16ኛው መቶ ዘመን በሜክሲኮ የኖረው የፍራንቸስካውያኑ መነኩሴ ሞቶሊኒያ የናዋ ሕዝብ ሁለት ቃላት እንደ ነበሯቸው ጽፏል፤ ለደስታ የሚደረገው «ኔቶቲሊዝትሊ»፣ ለአማልክት የሚደረገው «ማሴዋሊዝትሊ»። ሁለተኛው ከንስሐና ከምንዳ ቃል ጋር አንድ ሥር አለው፤ እግር እየመቱ መድከም ዋጋ የሚያሰጥ ሥራ ነው ማለት ነው። የእኛም ቋንቋ እኮ የሚለየው በእግሩ አይደለም፤ በቦታው ነው። በቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ይዞ ወዲያና ወዲህ ማለት «ዝማሜ» ነው፤ «ሽብሸባ» ነው፤ «ጭፈራ» ያለው ሰው ይቆጡታል። ጉልበቱ ያው ይታጠፋል፣ ከበሮው ያው ይመታል። ቃሉ የሚነግርህ ሰውዬው በማን ፊት እንደ ቆመ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ገላትያ 5፥21 ላይ በሥጋ ሥራ ዝርዝር ውስጥ «ዘፋኝነት» ተብሎ የተተረጎመው በግሪኩ «ኮሞስ» ነው፤ ሰክሮ በጓድ መንገድ ለመንገድ እየጨፈሩና እየጮሁ መዞር። «ዘፈነ» ትርጉሙን ሲለውጥ የዚያም ቁጥር ንባብ አብሮ ተለወጠ፤ ብዙ ሰው የሚከራከርበት ይህን ሳያውቅ ነው። ወደዚያ ክርክር ግን እዚህ አንገባም።

ቀፎ

የንቧን ነገር ማንም ስላልነካው እኔ ልንካው፤ ንብ አነባለሁ፣ ስለ ንብም አነባለሁ፤ ሁለቱንም ያው ግሥ ይሸከምልኛል።

ይህን ነገር መርምሮ «ዳንስ» ብሎ የሰየመው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ ነው፤ በዚህ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1973 ከሁለት ሌሎች ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። የጻፈው በጀርመንኛ ስለሆነ ቃሉ «ታንዝ» ነበር፤ አንዱን «የክብ ታንዝ» አለው፣ ሌላውን «ጅራት የመወዝወዝ ታንዝ»። የሁለተኛው አሠራር እንዲህ ነው፤ ከመስክ የተመለሰችው ንብ በሰፈፉ ላይ ሆዷን በፍጥነት ግራና ቀኝ እየወዘወዘች ጥቂት ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ከዚያ በቀኝ ዞራ ወደ ተነሣችበት ትመለሳለች፤ እንደገና እየወዘወዘች ትሄድና በግራ ዞራ ትመለሳለች። የቀጥታ መሥመሯ ከሰፈፉ ቁም መሥመር የሚያጋድልበት ማዕዘን፣ አበባው ከፀሐይ አቅጣጫ የሚርቅበት ማዕዘን ነው። ስትወዘውዝ የቆየችበት ጊዜ ደግሞ ርቀቱን ይነግራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጨለማ ቀፎ ውስጥ ስለሆነ ተከታዮቿ አያዩዋትም፤ እየነኩ ነው የሚያነቧት።

እንግዲህ «ጭፈራ» የሚለው አይሆንም፤ ጭፈራ ደስታ ይጠይቃል፣ ንቧም ደስ ይበላት አይበላት አናውቅም። «ውዝዋዜ» ግን ልክ ይገጥማል፤ ቃሉ «ተወዛወዘ» ከሚለው ስለ መጣ ስለ ስሜት አይናገርም፤ እንቅስቃሴውን ብቻ ነው የሚጠራው። ንቧም የምታደርገው ያንኑ ነው። ፎን ፍሪሽ አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ «ታንዝ» የሚለውን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ለማስገባት አይጨነቅም ነበር።

ጀማሪ አንባቢ

እንግዲያው ፈቃድ የሌለበት እንቅስቃሴም በዚህ ስም ይጠራል ማለት ነው? አንድ ሐኪም «ኮሪያ» የሚባል የነርቭ ሕመም ጠቅሶልኝ ነበር።

ሥርወ ቃል

አዎን፣ ያም ከዚያው ከ«ኮሮስ» ቤት ነው፤ በግሪክ «ኮሬያ» ጭፈራ ማለት ነው። የሕመምተኛው እጅና እግር ሳያዝዘው ስለሚንቀሳቀስ በዚያ ስም ተጠራ፤ ሐኪሙ ሀንቲንግተን በዘር የሚተላለፈውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1872 የገለጸበት ጽሑፍም ይህንኑ ስም ይዟል። ለእኔ ይህ ከሁሉም የከፋው አጠራር ነው፤ የተመልካቹን ዓይን ብቻ የሚከተል ስም ሌላው ቢቀር ታማሚውን አንድ ጊዜ መጠየቅ ነበረበት።

ተርጓሚው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወሰንሁትን ላሳውቃችሁ። ደርቪሾቹ «ሰማዕ» ላይ ናቸው፤ ጥንዶቹ ይደንሳሉ፤ ንቧ ትወዛወዛለች። ሦስት ቃላት ሆኑ። ጸሐፊው «እነዚህን ምን ያገናኛቸዋል?» ብሎ በሚጠይቅበት ቦታ ላይ ግን፣ በአማርኛ የሚያገናኛቸው ስም ስለሌለ፣ ጥያቄውን «ገላ በምት ሲንቀሳቀስ ሰው ለምን አንድ ስም ሊሰጠው ይፈልጋል?» ብዬ አዞርሁት። ከደራሲው ሐሳብ ሳልርቅ የተሻልሁ ይመስለኛል።

የቀረኝ የምዕራፉ ርእስ ነው። ጋሼ አሮጌ መዝገብ «ዘፈን» ቢሉት በልቤ እወድ ነበር፤ ነገር ግን አንባቢ ምዕራፉን ስለ ዘፋኞች ነው ብሎ ይጀምረዋል።

አሮጌ መዝገብ

አልልህም፣ ልጄ። የሞተ ስሜትን በርእስ አያስነሡም። «ጭፈራና ውዝዋዜ» በለው፤ አንዱ ደስታውን ይይዛል፣ ሌላው እንቅስቃሴውን።

እርምጃ

በዚህ እስማማለሁ። ማይና ኦዶሪም ተጣምረው አይደል አንድ ስም የሆኑት?

ተርጓሚው

«ጭፈራና ውዝዋዜ» ብዬ ትናንት ላክሁት። አርታኢዬ ዛሬ ጠዋት «ውዝዋዜ» የሚለውን በቀይ ሰርዘው ከጎኑ «አንድ ይበቃል፤ እንግሊዝኛው አንድ ነው» ብለው መልሰውልኛል። የዚህን ክር አድራሻ ከነምላሾቹ ልኬላቸዋለሁ፤ እስካሁን አልመለሱልኝም።